«የስልክ» የምትለዋ ቃል

ሲይዙኝ አንድ አይሱዙ በክሪክ አንስቼ ነበር። ጎማውን ፈትቼ፣ ካላማዳሪያውን በርሜል ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ እየፈለግሁ ነበር። አንደኛው ወታደር «እጅህን ጥረግና ና» አለኝ። ጠረግሁ። ባለመኪናው ከኋላዬ «ወንድሜ፣ ጎማዬስ?» እያለ ሲጮህ ይሰማኛል። የዚያን ሰው ጎማ ማን እንደገጠመለት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጥፋቴ ለጫካ ሰዎች ጎማ መጠገን ነው ተባለ። ጠግኜ ሊሆን ይችላል። ደብረ ታቦር መውጫ ላይ የተቀመጠ ጎሚስታ የመጣለትን ሁሉ ይጠግናል፤ ጎማ ደግሞ የማን እንደሆነ አይናገርም። ይህንኑ ነገርኳቸው። አልጣማቸውም።

ያስገቡን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የእህል መጋዘን ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው፤ የነቀዘ ገብስና የሰው ላብ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከጉና የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር ይገባል። ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳዎች ነው፤ በእያንዳንዱ ጨረር ውስጥ የእህል ብናኝ ይዞራል። እህሉ ከወጣ ቆይቷል፤ ብናኙ ግን እኛ በተንቀሳቀስን ቁጥር ይነሣል። በዚያ ብናኝ መሐል የሆነ ሰው ያስላል።

ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆሜ ቀረሁ። አንድ እግሬን ወደ ግራ ሳነሣ፣ የሚያስለው ሰው «ወደዚያ አትሂድ ልጄ፣ እዚያ ባልዲው ነው» አለኝ። ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸውን ወደ አንድ ጎን ሰበሰቡና ቦታ ለቀቁልኝ። እሳቸውን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው።

ከእብናት በላይ ካለ ገጠር የመጡ ገበሬ ናቸው። አስም አለባቸው፤ ብናኙ ያሠቃያቸዋል። ከእሳቸው ቀጥሎ የሚተኛው የዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር፤ ከደቡብ የመጣ፣ አማርኛው ውስጥ ትንሽ የአገሩ ዜማ ያለው ልጅ። ስልኩ ውስጥ በተገኘ ጽሑፍ ነው የያዙት። ሽማግሌው «የኔታ» ይሉታል።

«አባባ፣ የኔታ የሚባለው የቄስ ትምህርት አስተማሪ ነው። እኔ የእንግሊዝኛ ነኝ» ቢላቸው፣

«ታዲያ እንግሊዝ ቄስ የለውም?» አሉት።

ከዚያ በኋላ ተወው። ኋላማ «የኔታ» ካላሉት ቅር ይለው ጀመር።

አንድ ቀን ሽማግሌውን ለምርመራ ወሰዷቸው። ሲመለሱ ደስ ብሏቸው ነበር። ከምርመራ ደስ ብሎት የተመለሰ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

«ጥሩ ልጅ ነው» አሉ፣ ጋቢያቸው ላይ ቁጭ እያሉ። «አልተቆጣኝም። ስለ ኔትወርክ ጠየቀኝ፣ ሁሉንም ነገርሁት።»

መምህሩ ተጋድሞ ነበር። ተነሥቶ ተቀመጠ። «ምን አሉት አባባ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በእሳቸው አገር የስልክ ምሰሶው ከወደቀ ወዲህ ስልክ የሚሠራው አንድ ተረተር ላይ ብቻ ነው። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ዘመድ ሩቅ ያለው ሁሉ ስልኩን ይዞ ተረተሩን ይወጣል። የእሳቸው ልጅ ዓረብ አገር ናት፤ ያን ሰዓት ጠብቃ ትደውላለች። በተያዙበት እሑድ ወታደሮች ከታች ሲያዩ፣ ከፍታ ላይ የተሰበሰበ ሰው እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ ቆሟል። ወጡባቸው። ሌላው ሮጠ። ሽማግሌውን ደረታቸው አላስሮጣቸውም።

«‹ኔትወርክ አላችሁ?› አለኝ» አሉ ሽማግሌው። «‹ድሮ እስከ ቤታችን ነበር፣ አሁን ግን ተረተሩ ላይ ብቻ ነው ያለን› አልሁት። ‹ስንት ትሆናላችሁ?› አለኝ። ‹ኧረ አገሩ በሙሉ ነው!› አልሁት።»

መምህሩ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«‹ማን ነው የሚመራችሁ?› አለኝ። ‹የሚመራን የለም፤ አንድ ጎረምሳ ግን አለ፣ የት ጋ እንደሚጠነክር የሚያውቀው እሱ ነው፤ እሱ የቆመበት ነው የምንቆመው› አልሁት።»

«ስሙን ነገሩት?»

«ስሙን ነገ ትነግረኛለህ አለኝ። ሊጽፍ ቸኩሎ ነበር።»

«ሌላስ?»

«‹ውጭ አገርስ ከማን ጋር ነው የምትገናኙት?› አለኝ። ‹ሌላውን አላውቅም፣ እኔ ከልጄ ጋር ነው› አልሁት። ‹ምን ትልካለች?› አለኝ። ‹አምና የማዳበሪያ ልካልኝ ነበር፣ ዘንድሮ ቸገራት› አልሁት። ሁሉንም ጻፈው።»

እኔ ሳቅሁ። ከታሰርሁ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያኔ ነው። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከወዲያ ማዶ የተኙትም ሳቁ። ሽማግሌው ምን እንዳሳቀን ባይገባቸውም አብረውን ፈገግ አሉ። መምህሩ ብቻ አልሳቀም።

«አባባ» አለ ቀስ ብሎ። «ይህ ቃል አንድ አይደለም። ኔት ማለት መረብ ነው፤ ዓሣ የሚያጠምዱበት። ስልኮች በማይታይ መረብ ሲያያዙ ኔትወርክ ይባላል። ሰዎች በስውር ሲያያዙም ኔትወርክ ይባላል። በየቢሮው ሌቦች ሲጠቃቀሙም ያው ነው። እርስዎ የተናገሩት የመጀመሪያውን ነው። እሱ የጻፈው ሁለተኛውን ነው።»

ሽማግሌው አሰቡ። ሳላቸው መጣ፤ እስኪያልፍ ጠበቅን።

«ይኸ ሁሉ ነገር በአንድ ስም?» አሉ። «ፈረንጅ ቃል አለቀበት?»

«አላለቀበትም። እንዲያው ልማዱ ነው።»

«እኔኮ ቃሉን ከማንም አልወሰድሁትም። ከስልኩ ጋር ነው የመጣው። ስልኩን የሸጠልኝ ሰው ‹ኔትወርክ ካለ ይሠራል› አለኝ፤ እኔም ያንኑ አልሁ። ሌላ ምን ስም አለው?»

ሌላ ስም አልነበረውም። እኔም ሌላ ስም አላውቅለትም። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ፣ ከጎኗ ተቀምጬ ነው፤ ዛሬም ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ሆኖም ያን ያህል ቃል ተምሬ ለዚህች ነገር ሌላ ስም አጣሁ።

መምህሩ የሚመጣውን ነገራቸው። የሰጡት ቃል ተጽፎ ይነበብላቸዋል። አሻራቸውን ያኖሩበታል። ካኖሩ ያ ጎረምሳና ተረተሩን የወጣው ጎረቤታቸው ሁሉ ይለቀማል።

«ባላኖርስ?»

መምህሩ ጋቢያቸውን ያስተካክልላቸው ጀመር። እኔ ግን ማለባበስ አልወድም።

«አንቱ ካልፈረሙ ቆላ ነው የሚልኩዎት» አልኋቸው። «እምቢ ያለውን ሁሉ በመኪና ጭነው እየወሰዱ ነው። እዚያ ስንቅ የሚያመጣልዎት ዘመድ የለም። በዚህ ደረትዎ አይችሉትም።»

«እንዲያ ነው?» አሉ።

«እንዲያ ነው።»

መምህሩ አንድ ዘዴ አመጣ። ክፍል ውስጥ አንድ ቃል ይሰጥና ተማሪዎቹን በየትርጉሙ ዓረፍተ ነገር ያሠራቸዋል፤ ሽማግሌውንም እንዲያ ሊያስተምራቸው ፈለገ። መጀመሪያ «‹ኔትወርክ የለኝም› ይበሉ» አላቸው።

«ውሸት ነው» አሉ ሽማግሌው። «ተረተሩ ላይ አለ። ቆሜ ከልጄ ጋር አውርቼበታለሁ። ያውም በሰንበት። እንዴት የለም እላለሁ?»

«እሺ፣ እንግዲያስ ከፊቱ አንድ ቃል ይጨምሩ። ‹የስልክ›። ኔትወርክ ባሉ ቁጥር ‹የስልክ ኔትወርክ› ይበሉ። ‹የስልክ› ካሉበት ወደ ሌላ አይዞርም።»

መርማሪው እኔ ሆንሁ። «ኔትወርክ አላችሁ?» ብዬ ጮህሁባቸው።

«ልጄ፣ እሱ ‹አንተ› ነው የሚለኝ። እንደሱ አርገህ ጠይቀኝ።»

ከበደኝ። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ፊቴን አዞርሁና «አንተ! ኔትወርክ አለህ?» አልሁ።

«አለኝ።»

«የስልክ!» አለ መምህሩ።

«የስልክ አለኝ።»

«የስልክ ኔትወርክ።»

«የስልክ ኔትወርክ አለኝ። ተረተሩ ላይ። የኔታ፣ አሁንስ?»

«አሁን ጎበዝ።»

ያን ቀን እስኪመሽ ይህንኑ ስንል ዋልን። አንድ ጊዜ ራሳቸው ዓረፍተ ነገር ሠሩ። «ሌባ የሌባ ኔትወርክ አለው፤ እኔ የስልክ ኔትወርክ አለኝ» አሉ። መጋዘኑ በሙሉ አጨበጨበላቸው። ዘበኛው በሩን በርግጫ መታ።

በማግሥቱ ጠዋት ደግመው ጠሯቸው። ሲመለሱ መምህሩ በሩ ሥር ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር።

«አልኋት» አሉት። «በየቦታው አልኋት። አንድም አልሳትሁ።»

«የጎረምሳውን ስምስ?»

«አላውቀውም አልሁት።»

«ዋሹ?» አልኋቸው እኔ።

«አልዋሸሁም። የክርስትና ስሙን አላውቀውም።»

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌውንና እኔን ጠሩን። ማንበብ ለማይችል ሰው የሚያነብለት ታዛቢ ያስፈልጋል ተባለ። መምህሩን አልፈለጉትም። እኔን የመረጡኝ ቀስ ብዬ ስለማነብ ብዙ አይገባውም ብለው ይመስለኛል።

መርማሪው ወጣት ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ መሐል እንግሊዝኛ ጣል የሚያደርግ። ጥግ ላይ አንዲት ጸሐፊ ተቀምጣለች። ለእኔ ወረቀቱን፣ ለሽማግሌው የቀለሙን ሳጥን አቀረበ።

«ፕሮሲጀር ነው፣ ቶሎ ቶሎ እንጨርስ» አለ።

ቶሎ ማንበብ አልችልም። ፊደሉን እየለቀምሁ ጀመርሁ። ስማቸውን፣ አገራቸውን፣ ዕድሜያቸውን አለፍሁ። «‹በተረተሩ ላይ በሚገኘው ኔትወርክ... እሑድ እሑድ የምካፈል መሆኔን... ኔትወርኩም እስከ ውጭ አገር የሚደርስ መሆኑን...›»

«ቆይ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «‹የስልክ› የምትለዋን ዘለልሃት።»

«አልዘለልሁም አባ። የለችም።»

«ፈልጋት እስቲ።»

ከላይ ጀምሬ በጣቴ እየተከተልሁ ፈለግኋት። ኔትወርክ አለ፤ ብዙ ቦታ አለ። ከፊቱ ምንም የለም። «የለችም» አልኋቸው።

ወደ መርማሪው ዞሩ። «እኔ ብያታለሁኮ ልጄ። ጠዋት ሰምተኸኛል።»

«ብትላትም ባትላትም ትርጉሙ ያው ነው» አለ። «ኔትወርክ ኔትወርክ ነው።»

«ያው ከሆነማ ጨምራታ።»

መርማሪው ቀና አለ። ጸሐፊዋ መጻፏን አቆመች። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ በገበያ ሚዛን ይስተካከል እንደሚል ሰው ነው ያሉት።

«ቃልህ ታይፕ ተደርጎ ያለቀ ነው። እኔ በራሴ አልነካካውም። ኃላፊዬን ልጠይቅ» አለና ስልኩን አወጣ። ደወለ። ከጆሮው አንሥቶ አየው። ወደ መስኮቱ ሄደ። ስልኩን ከፍ አደረገ። ወደ በሩ ሄደ፣ እዚያም ከፍ አደረገ።

«ኤጭ! ኔትወርክ የለም» አለ።

ጸሐፊዋ አቀረቀረች። እኔ ወረቀቱን አየሁ፤ ሌላ የማየው አልነበረኝም። ሽማግሌው ግን ለሰውዬው አዘኑለት።

«እዚህ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ሆነህ ነው» አሉት። «ከጓሮ ያለው ጉብታ ላይ ውጣ ልጄ፣ እዚያ ሳታገኘው አትቀርም።»

ሳይቀልዱ ነው ያሉት። የመርማሪው ጆሮ ቀላ። ተመልሶ ተቀመጠና እስክሪብቶ አነሣ። ወረቀቱን ከእኔ ወሰደው። ሊጽፋት ነው ብዬ ነበር። ዛሬም ልቡ ሊጽፋት ፈልጎ ነበር እላለሁ። አንዲት ቃል ናት። ለመጻፍ ምራቅ የመዋጥ ያህል ጊዜ አትወስድም።

እስክሪብቶውን አስቀመጠው።

«ትፈርማለህ ወይስ መኪና ላይ ትወጣለህ?»

ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን አዩት። ጸሐፊዋ ቀደም ብላ ቀለም ቀብታላቸው ነበር። ጣቱን ወደ ውስጥ አጠፉና በቀሩት አራት ጣቶች ጨበጡት።

«እኔ ተረተሩን ወጥቼ ያነጋገርሁት ልጄን ነው» አሉ። «ልጄን ማነጋገሬን ወንጀል ነው ብዬ በጣቴ አላትምም።»

መርማሪው እሳቸውን ተወና ወደ እኔ መጣ። ወረቀቱን ገለበጠው። «እዚህ ላይ ጻፍ። ‹ቃሉን አነበብሁለት፣ ተስማምቷል› በልና ፈርም። ከዚያ ነገ ቤትህ ነህ።»

ቤቴ የምትለዋ ቃል ልጄን አስታወሰችኝ። እውነቱን ለመናገር እስክሪብቶውን ስይዝ ምን እንደምጽፍ አላውቅም ነበር። ፊደሌ ያኔም አሁንም የልጅ ፊደል ነው። ጎንበስ ብዬ ጻፍሁ። «አነበብሁላቸው። እምቢ አሉ።» ከሥሩ ስሜን አኖርሁ።

መርማሪው አነበበው። ደግሞ አነበበው።

«‹አሉ›?» አለ። «እነማን ናቸው እምቢ ያሉት? ሌላ ማን አለ?»

የምሩን ነው የጠየቀው። እዚያች ሁለት ፊደል ውስጥም ብዙ ሰው አየ።

«ሌላ ማንም የለም» አልሁት። «አንድ ሰው ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡህ ነው።»

በጥፊ መታኝ። ጆሮዬ ጮኸ። ወረቀቱን ግን አልቀደደውም፤ ለምን እንዳልቀደደው አላውቅም። ሽማግሌው በንጹሑ እጃቸው ክንዴን ያዙና ወደ መጋዘኑ አብረን ተመለስን። በሩ ላይ ስንደርስ «ያምሃል?» አሉኝ። «አዎ» አልሁ። «እንግዲህ ምን ላርግልህ» አሉ።

መኪናው የመጣው ጥቂት ቀን ቆይቶ ነው። ጠዋት ነበር። ስም ሲጠራ የእሳቸው መጨረሻ ላይ መጣ። ጋቢያቸውን አጣፉ። መምህሩ የራሱን ሹራብ አውልቆ ሊሰጣቸው ቢል «ቆላ አይደል የምሄደው፣ ላንተ ይሁንህ» አሉት። በሩ ላይ ዞር አሉ።

«የኔታ፣ አለፍሁ ወይስ ወደቅሁ?»

«አለፉ አባባ» አለ መምህሩ። ድምፁ ግን ለእኔም በደንብ አልተሰማኝም፤ ለእሳቸው መሰማቱን እንጃ።

መምህሩ ከእኔ በፊት ተፈታና ወደ አገሩ ሄደ። አይደውልልኝም፣ አልደውልለትም። እኔን ያለ ክስ ፈቱኝ። ለምን እንደታሰርሁ በወጉ የነገረኝ የለም፤ ለምን እንደተፈታሁም። ተመልሼ እዚያው መውጫው ላይ ጎማ እነፋለሁ። ሰዉ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ይለኛል። አሜን እላለሁ፤ ምን እላለሁ ሌላ?

አንድ የገበያ ቀን፣ ጥቁር የለበሰ ገበሬ መጣና የሽማግሌው ልጅ ነኝ አለኝ። ያፈላለገኝ አብረውኝ ከነበሩ ሰዎች ጠይቆ ነው። አባቱ ክረምት ሳይገባ እዚያው ቆላ ዐርፈዋል። «ቆላው አልተስማማቸውም» አለኝ። ሰው ውኃ አልተስማማውም እንደሚባለው ነው ያወራው። ሬሳቸውን ለቤተሰቡ አልሰጡም።

ስለ ጎረምሳው ጠየቅሁት። አለ። አልነኩትም። ሚስት አግብቷል፤ የአባቱን መሬት ያርሳል። ሌሎቹም አሉ።

ከዚያ ዓረብ አገር ላለችው እህቱ ደወለና ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። አብሯቸው የነበረ ሰው ያናግርሻል ብሏት ነበር። ያየሁትን ነገርኋት፤ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ጣታቸው፣ ስለ እሷ ያሉትን። እየሰማች «እሽ፣ እሽ» ትላለች።

«ቢፈርሙ ኖሮ ይመጡ ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም እህቴ። ፈርሞ የተመለሰ አለ። ፈርሞ ያልተመለሰም አለ።»

«እንዲያው ለአንተ ምን ይመስልሃል?»

የሚመስለኝን አውቀዋለሁ። ይመጡ ነበር። ቤታቸው ገብተው፣ የጎረቤቶቻቸውን ልጆች አንድ በአንድ ሲወስዷቸው በራቸው ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ያን ግን አልነገርኋትም። እኔ ማለባበስ አልወድም ብያለሁ፤ የእሷ ጥያቄ ግን ለአባቷ እንጂ ለእኔ አልነበረም።

«እሳቸው የፈለጉት እንዲያ ነው» አልኋት።

አለቀሰች። አላባበልኋትም። ምን ብዬ?